ከሸዋ ሮቢት እስከ ሁለት ወደብ፦ የጭነት ኮሪደር እንዴት ይታቀዳል፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ በቃሉ እንግባባ። አሁን አሁን «ኮሪደር» ሲባል ሰው የሚታየው የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና አበባ ነው። እኔ የማወራው ስለ ጭነት ነው። ዕቃ ከመርከብ ይወርዳል፣ ባቡር ላይ ይጫናል፣ ከዚያ በመኪና እስከ ነጋዴው መጋዘን ይደርሳል። ውሉ አንድ፣ ሰነዱም አንድ። መልቲሞዳል የሚባለው ይሄ ነው።

«ሰሜን ሸዋ ባሕር የለው፣ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ሸዋ ሮቢት ያለችበት ሰሜን ሸዋ ግን ለወደብ ሥራ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ ነገሥታት አንኮበር ላይ ሳሉ ከታጁራ የተነሳ የግመል ሲራራ አፋርን አቋርጦ እስከ ተራራው ሥር ይመጣ ነበር። ግመሎቹ እዚያ ይቀራሉ። ቀረጥ ይከፈላል። ዕቃው በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ወደ አልዩ አምባ ገበያና ወደ አንኮበር ይወጣል። ቆላው በግመል፣ ደጋው በበቅሎ። መልቲሞዳል ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ኋላም የአሰብ ጭነት በኮምቦልቻ አድርጎ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ የጣርማበርን ዋሻ ሾልኮ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ተዘጋ፣ ጭነቱም ጠቅልሎ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

ዛሬ ካርታውን ዘርግታችሁ ብታዩ ሸዋ ሮቢት የቅስት መሐል ላይ ናት። በደቡብ በኩል በአዋሽ አድርጎ እስከ ጅቡቲው ዶራሌ ወደብ የሚወስድ ሐዲድ አለ። በሰሜን በኩል በኮምቦልቻ፣ በሚሌና በበልሆ አድርጎ እስከ ታጁራ የሚወስድ መንገድ አለ። ታጁራ እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ ወደብ ተሠርቶላታል። አንድ ቅስት፣ ሁለት ጫፍ፣ ሁለት ወደብ። የዚህ መመሪያ ምሳሌ ይህ ቅስት ነው። የምጽፈው ለዞን ባለሙያ፣ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅና «እኛም እንሞክር» ለሚል ነጋዴ ነው።

ካርታውን አጥፉትና ጭነቱን ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚጀምረው መስመር በማስመር ነው። ከዚያ ለመስመሩ ጭነት ይፈልጋል። ኬንያ ላሙ ላይ ያለውን እዩ። ላሙን ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ የሚያገናኘው ትልቅ ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ2012 ተመረቀ። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ በ2021 ሥራ ጀመረ። ከኋላው የሚያስፈልገው መንገድና ሐዲድ ግን እኩል አልሄደም። ወደቡ ቀድሞ ደርሶ ጭነት ሲጠብቅ ቆየ።

ስለዚህ ደብተር ያዙና መንገድ ዳር ቁሙ። ሦስት ቦታ ይበቃል፦ ሸዋ ሮቢት፣ የደብረ ሲና መውጫና የደብረ ብርሃን መግቢያ። ሰባት ቀን ሙሉ፣ ሌሊቱን ጨምሮ ቁጠሩ። አንድ ቀን ብቻ ከቆጠራችሁ የገበያ ቀን ይሆንና ያሳስታችኋል። ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ድገሙት፤ አንዴ ከመኸር በኋላ፣ አንዴ ማዳበሪያ በሚገባበት ወቅት። ለእያንዳንዱ መኪና አራት ነገር ጻፉ፦ ምን ጫነ፣ ከየት ተነሳ፣ ወዴት ይሄዳል፣ ሲመለስ ምን ይጭናል።

አራተኛው ጥያቄ የሁሉም ራስ ነው። ሹፌሩን ሻይ ጋብዙና ጠይቁት፣ ይነግራችኋል።

አንድ ገጠመኝ ላጫውታችሁ። የጭነት ሰነድ በምሠራበት ጊዜ ለአንድ ደንበኛ ሁለት ኮንቴይነር ማሽነሪ ደብረ ብርሃን አስገባን። ዕቃው በሰላም ደረሰ። ባዶዎቹን የሚመልስ ግን ጠፋ። ባለመኪናው «የመመለሻ ጭነት ከሌለ ነዳጁን ማን ይችለኛል?» አለ። እውነቱን ነው። እኛ ስንለማመጥ ቀኑ መቆጠሩን ቀጠለ። ኮንቴይነሩ የመርከብ ድርጅቱ ንብረት ነው፤ በነፃ የሚቆይበት ቀን ካለፈ በየቀኑ ያስከፍላል። በመጨረሻ ደንበኛችን ለባዶ ቆርቆሮ የከፈለው ቅጣት ዕቃውን ለማምጣት ከከፈለው በለጠ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮሪደር ሲወራ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሲመለስ ምን ይዞ ይመለሳል?

የኢትዮጵያ ገቢ ጭነት ከወጪው በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ወደ ወደብ የሚሄደው ባዶ ይበዛል። ሰሜን ሸዋ ባዶውን የሚሞላ ነገር አለው። የቀወትና የኤፍራታና ግድም ማሾ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሽምብራና ምስር አለ። የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ምርት አለ። ሲቆጠር ግን ሁለት ስህተት ይሠራል። አንደኛው ጤፍን እንደ ወጪ ምርት መቁጠር ነው። የጤፍ እህል ወደ ውጭ መላክ ከተከለከለ ቆይቷል፤ የሚላከው እንጀራው ነው። ሁለተኛው የምንጃር ሸንኮራን ምርት በሸዋ ሮቢት ሒሳብ ማስገባት ነው። ምንጃር ሰሜን ሸዋ ይሁን እንጂ ጭነቱ ከአረርቲ ወደ ሞጆ ነው የሚወርደው። ደጋ ወጥቶ ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት አይመጣላችሁም። የአስተዳደር ወሰን ሌላ፣ የጭነት ወሰን ሌላ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንምታ። ባቡር አንድ መቶ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይጭናል እንበል። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ቢመጣ በዓመት 5,200 ኮንቴይነር ነው። አንዱ 25 ቶን ማሾ ቢይዝ 130,000 ቶን ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር 1.3 ሚሊዮን ኩንታል። ይህን የሚሞላ ምርት በዙሪያችሁ አለ? ከሌለ አትደንግጡ። ከኮምቦልቻ የሚመጣ ባቡር ሸዋ ሮቢት ላይ ሃያ ፉርጎ ብቻ ጨምሮ ሊያልፍ ይችላል። ግን ያኔ የምትለምኑት ሙሉ ተርሚናል መሆኑ ይቀርና ለሃያ ፉርጎ የሚሆን ሐዲድና ሜዳ ይሆናል። የገንዘቡ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

ኪሎ ሜትሩን ተዉት፣ ሰዓቱን ጻፉ

ለነጋዴ ኪሎ ሜትር ምንም አይነግረውም። እሱ የሚያውቀው ቀን ነው። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆራርጡና ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ቁጥር ጻፉ። በደህና ቀን ስንት ሰዓት ይፈጃል? በክፉ ቀንስ? መርከብ ላይ፣ ወደብ ውስጥ፣ ፉርጎ ጥበቃ፣ ጉዞ፣ ድንበር፣ ጉምሩክ፣ ኬላ፣ መጋዘን በር። መኪናው ከሚሄድበት ይልቅ የሚቆምበት ሰዓት እንደሚበልጥ ታያላችሁ።

በክፉ ቀን ዓምድ ላይ አትዋሹ። ጸጥታ ደፍርሶ መንገድ የሚዘጋባቸውን ቀናት በግልጽ አስገቡ። አበዳሪም ሆነ ኢንሹራንስ ከእናንተ ቀድሞ ያውቃል። ከደበቃችሁት የተቀረውን ቁጥራችሁንም አያምንም።

ተራራ አቋርጦ ወደብን ከወደብ ለሚያገናኝ መስመር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የአውሮፓው ነው፤ ሆላንድ ካለው ሮተርዳም ተነስቶ ጣሊያን ጄኖዋ ይደርሳል። መሐል ላይ የአልፕስ ተራራ አለ። ስዊዘርላንዶች ጎታርድ ላይ 57 ኪሎ ሜትር ዋሻ ፈልፍለው እ.ኤ.አ. በ2016 ከፈቱ። የዓለም ረጅሙ የባቡር ዋሻ ነው። በዓመቱ ነሐሴ ላይ ግን በሰሜን፣ ጀርመን ውስጥ ራስታት አጠገብ፣ ለአዲስ ዋሻ ሲቆፈር ከላይ ያለው ሐዲድ ሰመጠ። መስመሩ ወደ ሰባት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ያ ሁሉ ቢሊዮን የፈሰሰበት ዋሻ በሌላ አገር ባለች አጭር ቁራጭ የተነሳ ጭነት አጣ። የተዘጋጀ ተለዋጭ መንገድም አልነበረም።

የእኛ ራስታት ጣርማበር ነው። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ፣ ጭጋግ፣ ጠባብ ዋሻ። አንድ ተሳቢ ከተገለበጠ ቀኑ አለቀ። የደብረ ሲና ዙሪያ መሬትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፤ በ1998 ዓ.ም. መባቻ ይዛባ ወይን አካባቢ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት የሚያስታውስ ብዙ ነው። ዕቅዳችሁ «ጣርማበር ቢዘጋስ?» ለሚለው መልስ ከሌለው አልተጨረሰም።

ጭነት መለዋወጫውን የት እናድርገው?

እዚህ ላይ ጠብ አለ። ደብረ ብርሃን የዞኑ ዋና ከተማ ናት፣ ፋብሪካው ያለው እዚያ ነው። ባለሥልጣኑም ነጋዴውም «ደረቅ ወደቡ ደብረ ብርሃን» ይላል። እኔም ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ ባደላ ደስ ይለኛል። ግን ባቡር ተራራ አይወድም። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ወልዲያ ሐዲድ የተቀየሰው ቆላ ቆላውን፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ነው። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። የሲራራ ነጋዴዎቹ ግመላቸውን ተራራው ሥር የተዉት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም።

የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። የባቡርና የመኪና መለዋወጫው ሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ ሐዲዱ አጠገብ ይሁን። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ለፋብሪካዎቹ አነስተኛ የኮንቴይነር ሜዳና የጉምሩክ አገልግሎት ይኑር፤ ያንን ከሞጆና ከአዲስ አበባ ጋር መኪና ያገናኘዋል። ሁለቱ አይጣሉም። ጣርማበር ሲዘጋ ደብረ ብርሃን በሞጆ በኩል ይተነፍሳል። ሸዋ ሮቢት በአዋሽ ወይም በኮምቦልቻ።

ስለ ሐዲዱ ግን ሳልሸሽግ ልናገር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀመረ፤ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። ሐዲዱ ተነጥፎ መደበኛ ባቡር ሳይሄድበት ዓመታት አልፈዋል። በኤሌክትሪክ ለሚሄድ ባቡር ሐዲድ ብቻ አይበቃም፤ የኃይል መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ፉርጎ፣ የሠለጠነ ሰውና ጥበቃ ይፈልጋል። በዚያ ላይ የአዲስ–ጅቡቲው መስመር በቻይና ደረጃ፣ ይሄኛው በአውሮፓ ደረጃ ነው የተሠሩት። የሐዲዱ ስፋት አንድ ነው፣ 1,435 ሚሊ ሜትር። የምልክት ሥርዓታቸው ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ ዕቅዳችሁን ባቡሩ ላይ ብቻ አትስቀሉት። ሜዳው ባቡር እስኪመጣ በመኪና ብቻ ራሱን መቻል አለበት። በመኪና ብቻ ከከሰረ ባቡር ቢመጣም አያድነውም።

ወረቀቱ

እዚህ አልቆይም። መነሻችሁ የዕቃዎች የመልቲሞዳል ትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 548/1999 ነው። ቁም ነገሩ፣ አንድ ኦፕሬተር ከመነሻ እስከ መድረሻ ኃላፊነቱን ይወስዳል። ዕቃው ባቡር ላይ ይጥፋ መኪና ላይ፣ ነጋዴው የሚከሰው አንድ ሰው ነው። ለረጅም ጊዜ ይህን ሥራ ይዞ የቆየው የመንግሥቱ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት ነበር። በቅርብ ዓመታት ለግል ድርጅቶችም በሩ ተከፍቷል። ስለዚህ ዞኑ ራሱ ኦፕሬተር መሆን የለበትም። ፈቃድ ያለውን ኦፕሬተር ስቦ ማምጣት ነው ሥራው። ጉምሩክን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ጉምሩክ የሌለበት ደረቅ ወደብ መጋዘን ነው።

መሬቱ

ገበሬውን የመጨረሻ ላይ አታነጋግሩት። የካሣ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ ሰው ከመነሳቱ በፊት ካሣ መከፈል እንዳለበት ይናገራል። በጀት ሲያዝ ካሣውን «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር አትወሽቁት። ለብቻው ዓምድ ስጡት። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ግዴታ ነው፤ የውጭ አበዳሪ ደግሞ ከዚህ የጠበቀ የራሱ መለኪያ አለው። ሁለቱን አንድ ላይ ማሠራት ይሻላል፣ ያለዚያ አንድ ጥናት ሁለት ጊዜ ትከፍሉበታላችሁ። ሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለው መሬት መስኖ የሚገባው ነው። ሽንኩርትና ማሾ የሚያበቅለውን መሬት ኮንክሪት አልብሶ የማሾ ወደብ መሥራት የማይሆን ነገር ነው። ድንጋያማውን ጥግ ፈልጉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ

ሰው «ፈንድ ከየት ይገኛል?» ብሎ ሲጠይቅ አበዳሪ እየፈለገ ነው። ቅድም መመለስ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው። መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ማን ነው? ከፋዩ ሁለት ብቻ ነው፦ ወይ ተጠቃሚው ይከፍላል፣ ወይ ግብር ከፋዩ። ብድር የክፍያውን ቀን ያራዝማል እንጂ ሦስተኛ ከፋይ አያመጣም። ስለዚህ ኮሪደሩን ቁራጭ ቁራጭ አድርጉና ለእያንዳንዱ «ይሄ ራሱ ገንዘብ ያመጣል ወይ?» በሉ።

የኮንቴይነር ሜዳው ያመጣል። ማውረጃ፣ መጫኛ፣ ማቆያ፣ ሚዛን፣ ሁሉም ይከፈልበታል። መጋዘንና ማበጠሪያ ያመጣል። ከዋናው አስፋልት እስከ ሜዳው የሚወስደው መንገድ አያመጣም። ሐዲዱ በከፊል ያመጣል፤ የሥራ ማስኬጃውን ሊሸፍን ይችላል፣ የግንባታውን ወጪ መመለስ ግን ከባድ ነው። የወንዝ ድልድይ፣ የመሬት መንሸራተት መከላከያ፣ እነዚህ በፍጹም አያመጡም።

የሚያመጣውን ለግል ገንዘብ ስጡ። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 መንገዱን ከፍቷል፤ ጉዳዩ የሚሄደው በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ነው። መሬቱና መዳረሻ መንገዱ የመንግሥት ድርሻ ሊሆን ይችላል። ሪች ስታከሩን (ኮንቴይነር አንስቶ የሚደረድረውን ማሽን)፣ መጋዘኑንና አስተዳደሩን ባለሀብቱ ያመጣል። ዩኒየኖች በመጋዘኑ አክሲዮን ቢይዙ ደስ ይለኛል፤ ጭነት የሚያመጣ ባለቤት ከምንም ማስታወቂያ ይሻላል።

የማያመጣውን ለመንግሥት በጀትና ለረጅም ጊዜ ብድር ተዉት። የመንገድ ጥገና ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የመንገድ ፈንድ አለው፣ ምንጩም በዋናነት ነዳጅ ላይ የሚጣል ክፍያ ነው። ትልቁ ግንባታ ግን የፌዴራል ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድን አጥኑት። 202 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለአራት ተቆርጦ አራት አበዳሪ አገኘ። ከሞጆ መቂ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከመቂ ዝዋይ ኮሪያ፣ ከዝዋይ አርሲ ነገሌ የዓለም ባንክ፣ ከዚያ እስከ ሐዋሳ የቻይና ኤግዚም ባንክ። አንድ አበዳሪ ሙሉውን አልሸከምም ቢል ቁራጩን ይሸከማል። ችግሩም አለ። አራት የግዥ ደንብ፣ አራት የሪፖርት ዓይነት፣ አራት የተለያየ ፍጥነት ነው። አንዱ ቁራጭ ሲዘገይ ሌላው ተጠናቆ የሚጠብቀው መኪና ያጣል። መቁረጫው ነጥብ ከተማ ወይም መገንጠያ ይሁን፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ብቻውንም እንዲጠቅም።

አሁን በጣም የሚያቃጥለው ነገር። ገቢያችሁ በብር፣ ዕዳችሁ በዶላር ከሆነ ሌሊት እንቅልፍ አይኖራችሁም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። አሥር ሚሊዮን ዶላር የተበደረ ሰው 570 ሚሊዮን ብር ዕዳ ነበረበት ማለት ነው። ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያው ዕዳ ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ ሆነ። ሜዳው ላይ አንድ ኮንቴይነር አልጨመረም። ስለዚህ በዶላር መበደር የምትችሉት ዶላር ለሚያመጣ ቁራጭ ብቻ ነው። የቀረውን በብር ፈልጉ፣ ወለዱ ከፍ ቢልም።

የዕዳው ዕድሜም ያው ነው። የአዲስ–ጅቡቲ ባቡር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ ነው። ብድሩ ቶሎ የሚከፈል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የመክፈያው ዘመን ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት ላይ ተደረሰ። ሐዲድ ሃምሳ ዓመት ይሠራል፤ በአሥር ዓመት ክፈል ከተባለ ገና ሳይለምድ ይታነቃል። ለሪች ስታከር አሥር ዓመት በቂ ነው። ለድልድይ አይደለም። ደግሞ አገሪቱ በ2016 ዓ.ም. የዩሮ ቦንድ (ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የሸጠችው የዕዳ ሰነድ) ወለድ መክፈል አቁማ የዕዳ ሽግሽግ ድርድር ውስጥ እንደገባች አትርሱ። ለአዲስ ትልቅ ብድር የመንግሥት ዋስትና እንደ ድሮው በቀላሉ አይገኝም። ዕቅዳችሁ አነስ ብሎ የሚጀምር መሆን ያለበት ለዚህም ነው።

ስዊዘርላንዶች ለጎታርድ ገንዘቡን ያመጡበት መንገድ በጣም ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአገራቸው የሚያልፍ ከባድ መኪና ሁሉ በክብደቱና በሄደበት ኪሎ ሜትር ልክ እንዲከፍል አደረጉ። ከገቢው ትልቁ ድርሻ ለባቡር ሥራው ዋለ። መኪናው ለሐዲዱ ከፈለ። እኛ ጋ ይህን እንዳለ ቅዱ አልልም። ባቡሩ ሳይሄድ መኪናውን ማስከፈል ሹፌሩን መቅጣት ብቻ ነው የሚሆነው፤ ዋጋውም ዞሮ የሚያርፈው ዘይትና ስኳር ላይ ነው። አማራጩ መጀመሪያ ይምጣ።

የጥናቱ ገንዘብ ደግሞ ይረሳል። ትልቅ ሥራ ሲሆን ለዝግጅት ብቻ ከጠቅላላው ወጪ ከ5 እስከ 10 በመቶ መያዝ የተለመደ ነው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ እንዲህ ላሉ መስመሮች በሚሰጠው ድጋፍ ለጥናት እስከ ግማሽ፣ ለግንባታ ግን በአብዛኛው እስከ 30 በመቶ ነው የሚሸፈነው። ለጥናት የበለጠ የሚሰጡት ወደው አይደለም። ያልተጠና ሥራ መሐል ላይ ቆሞ የሚበላውን ስለሚያውቁ ነው። ለእኛም የአፍሪካ ልማት ባንክ የመሠረተ ልማት ዝግጅትን የሚደግፍ ልዩ ፈንድ ያስተዳድራል። የሚያየው ግን ከአንድ አገር በላይ የሚነካ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ታጁራና ጅቡቲ ይጠቅሟችኋል። «የሸዋ ሮቢት ኮንቴይነር ሜዳ» ብላችሁ ብትጽፉ አያያችሁም። «የሁለት ወደብ መስመር የመጀመሪያ ቁራጭ» ብላችሁ በፌዴራል መሥሪያ ቤት በኩል ብታቀርቡ ወሬው ሌላ ነው። ማጋነን አይደለም፣ ሥራው እንደዚያ ከሆነ። ጥናቱን ግን አታጣድፉት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ማን ይመራዋል?

ኮሪደር ባለቤት ከሌለው በስብሰባ ያልቃል። ሞምባሳን ከኡጋንዳ፣ ከሩዋንዳና ከሌሎች ጎረቤቶች የሚያገናኘው ሰሜናዊው ኮሪደር እ.ኤ.አ. በ1985 በተፈረመ ስምምነት የራሱ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመለት። ሥራው መንገድ መሥራት አይደለም። ጭነቱ የት ስንት ሰዓት እንደቆመ ይመዘግባል፣ ያወጣል፣ የሚመለከተውን ይወተውታል። የሚተዳደረውም በወደቡ በሚያልፈው ጭነት ላይ በሚጣል አነስተኛ ክፍያ ነው።

ለእኛ ቅስት አምስት ስድስት ሰው ይበቃል። ከጭነት ባለቤቶች፣ ከባለመኪና ማኅበራት፣ ከጉምሩክ፣ ከከተማዋ፣ ከኦፕሬተሩ። ሰብሳቢው የጭነት ባለቤት ይሁን። ባለሥልጣን ሰብሳቢ ሲሆን ስብሰባው እሱ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ሞክሩት

ለስድስት ወር የሙከራ ጉዞ አድርጉ። የተከራየ ሜዳ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ የተከራየ ክሬን፣ አንድ የሰነድ ሠራተኛ። በየሳምንቱ ማክሰኞ አሥር መኪና ማሾ ወይም ሽምብራ በኮንቴይነር ሞልቶ ይውጣ፣ ያው መኪና የፋብሪካ ዕቃ ይዞ ይመለስ። ቀኑ እንዳይለወጥ። አንድ ሳምንት ስድስት መኪና ብቻ ቢገኝም በስድስቱ ሂዱ። ነጋዴ የሚያምነው የማይዛነፍ ቀን ነው። አራት አምስት ጉዞ ደግሞ በታጁራ በኩል ላኩ፣ ቢወደድም። ሁለተኛው በር በእርግጥ መከፈቱን የምታውቁት አንድ ሹፌር ገብቶ ሲወጣ ብቻ ነው።

ለየጉዞው አንድ ገጽ ይያዝ። የተነሳበት ሰዓት፣ የቆመባቸው ቦታዎችና ምክንያቱ፣ ወደብ የገባበት፣ የተመለሰበት፣ ሲመለስ የጫነው፣ በመንገድ ላይ ያለ ደረሰኝ የተከፈለው ጭምር። የመጨረሻው ዓምድ ያሳፍር ይሆናል፣ ግን ጻፉት። ከስድስት ወር በኋላ ሁለት መቶ ሃምሳ ገደማ ገጽ ይኖራችኋል። አበዳሪ ቤት ስትገቡ ይዛችሁ የምትገቡት እሱን ነው። የቀለም ሥዕሉንና ቪዲዮውን ቢሮ ተዉት።